የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎችን በማኅበረሰብ ውስጥ ለመከታተል የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ፦ በጀቱ ምን ላይ ይዋል?

ምሕረት_ጂ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ክትትል) ክፍል የፌዴራል ግራንት (ድጎማ) ማመልከቻ እየተዘጋጀ ነው። ዓላማው በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው ከእስር ውጭ ክትትል የሚደረግባቸውን ሰዎች በአግባቡ መያዝ ነው። ለስሌት እንዲመች 150 ሰው እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ግማሹን ገንዘብ ለጂፒኤስ (እግር ላይ ታስሮ ሰውየው ያለበትን ቦታ ለሚያሳይ መሣሪያ) መድቧል፤ ቀሪውን ለምዝገባ ሶፍትዌርና ለፖሊግራፍ (የውሸት መመርመሪያ) አከፋፍሏል። ለሕክምና የተረፈው ኢምንት ነው።

ገንዘቡ ከየት ከየት ይገኛል? በምን ላይ ማዋል ይፈቀዳል? ጥቃትን በእውነት የሚቀንሰውስ የትኛው ወጪ ነው? ስሌቱን እያሳያችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ዮናስ_ግራንት

ሰላም እህቴ ምሕረት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ገንዘቡ ከአንድ ቋት አይመጣም። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠቅሰው ስማርት የተባለው ጽሕፈት ቤት ነው። በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ ያቋቋመው ሲሆን በፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ዋና ግራንቱ የሚያተኩረው ሶርና በሚባለው የሕጉ ክፍል፣ ማለትም በምዝገባና ለሕዝብ በማሳወቅ ላይ ነው፤ አድራሻ ማረጋገጥ፣ የቆዩ ፋይሎችን ወደ ዲጂታል መለወጥ፣ የጣትና የመዳፍ አሻራ ማንሻ መግዛት፣ ከአገሬው ሕንዳውያን ነገዶች መስተዳድሮች ጋር መረጃ መለዋወጥ የመሳሰሉት። ሕክምናንና የቅርብ ክትትልን የሚያካትተው በየዓመቱ በሚወጣው የግራንት ጥሪ ማስታወቂያ ልክ ነው። ስለዚህ የአምናውን ማመልከቻ ገልብጦ ማስገባት አያዋጣም። የዘንድሮውን ማስታወቂያ፣ በተለይ የሚፈቀዱና የማይፈቀዱ ወጪዎችን የሚዘረዝረውን ክፍል፣ ቃል በቃል አንብቡት።

ሁለተኛው በርን ጄግ የሚባለው፣ ለስቴቶችና ለአካባቢ መስተዳድሮች የፍትሕ ሥራ የሚሰጥ የፌዴራል ገንዘብ ነው። ይህ ሰፊ ነው፤ የማኅበረሰብ ክትትልንም ሆነ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ይሸፍናል። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሶርናን በበቂ ሁኔታ ያላስፈጸመ ስቴት ከጄግ ድርሻው 10 በመቶ ይቀነስበታል። የተቀነሰውን መልሶ ማግኘት የሚችለው ለሶርና ማስፈጸሚያ ብቻ ላውለው ብሎ ካመለከተ ነው። በዚህ መንገድ የተመለሰን ገንዘብ ለሕክምና መመደብ አይቻልም። ስቴታችሁ የትኛው ወገን እንደሆነ ሳታጣሩ ጄግን በበጀት አታስገቡ።

ሦስተኛው የሁለተኛ ዕድል ሕግ (የ2008) ነው። ከእስር የሚወጡ ሰዎችን መልሶ ለማቋቋም የሚሰጥ ነው፤ በአንዳንድ ዘርፎቹ የወሲብ ጥፋተኞችን ማካተት ይቻላል።

የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድን ግን ለዚህ አታስቡት። ዓላማው ተጎጂዎችን ማገልገል ነው እንጂ ጥቃት ፈጻሚን ማረምና ማማከር አይደለም።

ሙሉጌታ_መዝገብ

ከዮናስ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ማመልከቻ አንባቢዎች ቶሎ የሚይዙት ስህተት የምዝገባ እርከንን ከሥጋት ደረጃ ጋር ማምታታት ነው።

ሶርና ሦስት እርከን አለው። አንደኛ እርከን 15 ዓመት ይመዘገባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ይቀርባል። ሁለተኛው 25 ዓመት፣ በየ6 ወሩ። ሦስተኛው ዕድሜ ልክ፣ በየ3 ወሩ። አድራሻ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት የቀየረ ሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ቀርቦ ማሳወቅ አለበት። ከአገር ለመውጣት ያሰበ ደግሞ ከ21 ቀን በፊት ያሳውቃል። እርከኑ የሚወሰነው በተፈረደበት የወንጀል ዓይነት ነው። ሰውየው ዛሬ ምን ያህል አሥጊ እንደሆነ አይለካም። ስለዚህ "ሦስተኛ እርከን ላይ ያሉት ሁሉ ጂፒኤስ ይታሰርላቸው" የሚል በጀት ገንዘብን ለወንጀል ስም ነው የሚመድበው፤ አሥጊው ሰው አንደኛ እርከን ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የምዝገባን የሥራ ጫና ለማስላት ይህን ምሳሌ ተመልከቱ። በየእርከኑ 50 ሰው ቢኖር፦ 50 ሲባዛ በ1፣ 50 ሲባዛ በ2፣ 50 ሲባዛ በ4፤ ጠቅላላ በዓመት 350 ቀጠሮ። ለአንዱ ቀጠሮ 40 ደቂቃ ብትይዙ 233 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውጭ ቀጠሮ የማይጠብቀው የአድራሻ ለውጥ አለ። ቋሚ ቤት የሌለው ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ደጋግሞ ይመጣል፤ አድራሻ የሚባለው "ከድልድዩ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል" ይሆንና ማረጋገጡ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ስማርት ለምዝገባ መሥሪያ ቤቶች በነፃ የሚሰጣቸውን መሣሪያዎች ጠይቁ። ያለውን በክፍያ መግዛት ማመልከቻውን ነጥብ ያስጥለዋል።

ታደሰ_ኬ

ሙሉጌታ በትክክል ነገሩን ይዟል። የሥጋት ደረጃው ከየት ይመጣል ለሚለው እኔ ልመልስ።

ለአዋቂ ወንዶች በብዛት የሚሠራበት ስታቲክ-99አር የሚባለው የሥጋት መመዘኛ ነው። 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ሲለቀቅ የነበረው ዕድሜ፣ ቀድሞ የተከሰሰባቸው የወሲብ ወንጀሎች፣ ተጎጂው የማያውቀው ሰው ነበር ወይ፣ ከዝምድና ውጭ ነበር ወይ፣ ወንድ ነበር ወይ የመሳሰሉት። ውጤቱ ከዜሮ በታች 3 ነጥብ (-3) ጀምሮ እስከ 12 ይደርሳል። የሚሞላው ከፋይል ነው፤ የፍርድ ቤትና የፖሊስ መዝገብ ካልተሟላ ውጤቱ ይዛባል። ለሴቶች አይሠራም። ወንጀሉ የሕፃናት ምስል መያዝ ብቻ ለሆነም አልተዘጋጀም። በእነዚህ ላይ ሞልቶ ቁጥሩን ለዳኛ ማቅረብ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጠበቃ ይዞት ሲገኝ የክፍሉ ሥራ ሁሉ ይጠረጠራል።

ስታቲክ የማይለወጠውን ታሪክ ነው የሚያየው። የሚለወጠውን ለማየት ስቴብል-2007 አለ። 13 ነጥቦች ናቸው፤ የወሲብ ሐሳብ መብዛት፣ ችኩልነት፣ የጓደኞቹ ተጽዕኖ፣ ከክትትል ጋር ያለው ትብብር ወዘተ። ከ0 እስከ 3 ዝቅተኛ፣ ከ4 እስከ 11 መካከለኛ፣ 12ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ፈጥኖ የሚለዋወጠውን ደግሞ አኪዩት-2007 በ7 ነጥብ ያያል፤ ኦፊሰሩ በየቀጠሮው ነው የሚሞላው።

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚያስፈልገው። አኪዩትን ቢሮ ተቀምጦ መሙላት አይቻልም። ቤቱ ሄዶ ማየት ይጠይቃል። ሕፃን በሌለበት ቤት ሳሎን ጥግ የሕፃን ጫማ ካለ፣ ተመዝግቦ የማያውቅ ስልክ ቻርጅ ላይ ከተሰካ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ የነበረው ቤት ድንገት የመጠጥ ጠርሙስ ከሞላበት፣ "ተጎጂ ሊሆን የሚችል ሰው ማግኘት"፣ "ክትትልን መሸሽ" እና "የአደንዛዥ ነገር አጠቃቀም" የሚሉት ነጥቦች የዚያን ዕለት ይለወጣሉ። ይህን የሚያየው ጊዜ ያለው ኦፊሰር ነው።

አሁን ጊዜውን እናስላ። አንድ ኦፊሰር በወር ወደ 160 ሰዓት ይሠራል። ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ ስብሰባና ጉዞ ሲቀነስ ለሰው የሚተርፈው ወደ 120 ሰዓት ነው። በሙያው የቆየው ስሌት ለከፍተኛ ሥጋት በወር 4 ሰዓት፣ ለመካከለኛ 2፣ ለዝቅተኛ 1 ይይዛል። ከ150 ሰዎቻችሁ 30ው ከፍተኛ፣ 60ው መካከለኛ፣ 60ው ዝቅተኛ ቢሆኑ፦ 120 ሲደመር 120 ሲደመር 60፤ 300 ሰዓት። ይህ የ2 ኦፊሰር ተኩል ሥራ ነው። ሁሉንም እንደ ከፍተኛ ልያዝ ያለ ክፍል 600 ሰዓት፣ ማለትም 5 ኦፊሰር ያስፈልገዋል። 5 አይሰጠውም። ባሉት ሦስት ኦፊሰሮች ሁሉንም በእኩል ሲከታተል 30ዎቹ አሥጊ ሰዎች ከሚገባቸው ጊዜ 60 በመቶውን ብቻ ያገኛሉ።

ኤልያስ_ሕግ

ጋሽ ታደሰ፣ ስሌቱ ገብቶኛል፤ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያጸድቁት የካውንቲ ኮሚሽነሮች ናቸው። ሕዝቡ የሚጠይቃቸው "ሰውየው የት እንዳለ ታውቃላችሁ ወይ?" ብሎ ነው። ጂፒኤስ ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ መተው ልክ አይመስለኝም። በሕጉም በኩል አንድ ነገር አለ፦ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጂፒኤስን ሰው ላይ ማሰር በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ መሠረት ፍተሻ ነው ብሏል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ምክንያታዊ መሆኑ መታየት አለበት። የክትትል ጊዜውን በጨረሰ ሰው ላይ ማራዘም ደግሞ ሌላ ክርክር ያስነሳል። ለሕግ አገልግሎት የሚሆን ጥቂት ሰዓት በጀቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ታደሰ_ኬ

ኤልያስ ወንድሜ፣ ይተው አላልኩም። ለማን እና በስንት ሰው ኃይል የሚለው ይወሰን ነው ያልኩት።

የመሣሪያው የቀን ኪራይ ትንሹ ወጪ ነው። ትልቁ ማንቂያው ነው። ለምሳሌ 25 ሰው ቢታሰርለት፣ ከእያንዳንዱ በቀን 3 ማንቂያ ቢመጣ፣ እያንዳንዱን ለማጣራት 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በቀን 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ። ይህ ሥራ በበጀት ውስጥ ስም ካልተሰጠው ከኦፊሰሮቹ የቤት ጉብኝት ላይ ነው የሚቆረጠው።

ማንቂያው ከምን ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ነው። መሣሪያው በየቀኑ መሞላት አለበት፤ ሰውየው እግሩን ከሶኬት አጠገብ አድርጎ መቀመጥ ይኖርበታል። መጠለያ ውስጥ የሚያድር ወይም የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይህን ማሟላት ይከብደዋል። ቀጥሎ የስልክ ኔትወርክ መጥፋት ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ወይም ብረት ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። ሦስተኛው መንሸራተት ነው፤ ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ካርታው 200 ሜትር ርቆ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ያሳየዋል፣ በተለይ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል። ማሰሪያ መቁረጥ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ግን ፈጣን ምላሽ የሚፈልገው እሱ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ይህን ጻፉ፦ ማሰሪያ ሲቆረጥ ወዲያው ለተረኛ ኦፊሰር ይደወላል፤ የተከለከለ ቀጠና ሲገባ ከአንድ ነጥብ በላይ መረጃ ካለ ብቻ ይደወላል፤ ባትሪ ሲያልቅ የሻጩ ማዕከል ራሱ ለሰውየው ይደውላል፣ ካልመለሰ ለኦፊሰሩ ያስተላልፋል። የጠፋና የተሰበረ መሣሪያን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ይካተት። ከዚያ ጂፒኤሱን በአኪዩት ነጥቡ ከፍ ላለ ሰው፣ ለተወሰኑ ወራት፣ ለተወሰነ ምክንያት እሰሩ። ለምሳሌ ተጎጂዋ በዚያው ከተማ የምትኖር ከሆነና ቀጠና ማበጀት ካስፈለገ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ሰብለ_ሕክምና

ጋሽ ታደሰ እንዳሉት ነው። ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ ረቂቁ ላይ የተጎዳው ይህ ክፍል ስለሆነ።

መጠኑን በሰዓት አስቡት። በዘርፉ የሚሠራበት መመሪያ ለመካከለኛ ሥጋት ከ100 እስከ 200 ሰዓት፣ ለከፍተኛ 300 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ለዝቅተኛ ሥጋት ልዩ ሕክምና ብዙም አያስፈልገውም፤ ከአሥጊዎች ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ማስቀመጡ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። አሁን አስሉት፦ ቡድኑ በሳምንት አንድ ጊዜ 90 ደቂቃ ቢገናኝ፣ በዓመት 50 ሳምንት፣ 75 ሰዓት ነው። በዚህ ፍጥነት 300 ሰዓት 4 ዓመት ይፈጃል። የግራንቱ ዕድሜ ከዚያ ያጥራል። ለከፍተኛ ሥጋት በሳምንት ሁለት ጊዜ ካደረጋችሁ በዓመት 150 ሰዓት፣ በ2 ዓመት 300 ይሞላል። 30ዎቹን በ3 ቡድን፣ በእያንዳንዱ 10 ሰው፣ ሁለት ሁለት አወያይ ይዛችሁ በጀት አውጡ።

ውሉ ላይ የሚፈጸመው ትልቅ ስህተት ለሐኪሙ በተገኘው ሰው ልክ መክፈል ነው። ሦስት ሰው ሲቀር ገቢው ይቀንሳል፤ ክሊኒኩ ያንን ለማካካስ ቡድኑን ወደ 14 እና 15 ያሳድገዋል፤ በዚያ ብዛት ማንም በጥልቀት አይናገርም። በቡድን ስብሰባ ክፈሉ፣ ከፍተኛውን የሰው ቁጥር በውሉ ወስኑ፣ የቀረ ሰው ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኦፊሰሩ እንዲነገር አስገድዱ።

ሌላው የባለጉዳዩ ክፍያ ነው። ከእስር የወጣ፣ በመዝገብ ምክንያት ሥራ ያጣ ሰው በየሳምንቱ ክፈል ሲባል ይቀራል፤ መቅረቱ የፕሮቤሽን ጥሰት ይሆናል፤ ተመልሶ ይታሰራል። የሕክምናው ሰዓትም እዚያው ይቋረጣል። ግራንቱ እንደ ገቢው ከፍታና ዝቅታ ልዩነቱን የሚሸፍንበት መስመር ይኑር። ሜዲኬድ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ይከፍላል ብላችሁ አትተማመኑ፤ እሱ የሚያየው የሕክምና አስፈላጊነትን ነው፣ ፍርድ ቤት ስላዘዘ ብቻ አይከፍልም።

ስለ ፖሊግራፍ፦ ሦስት ወገን አንድ ላይ የሚሠራበት የኮሎራዶ አሠራር አለ፤ ኦፊሰሩ፣ ሐኪሙና ፖሊግራፍ መርማሪው። ጥቅሙ ሰውየው ሕክምና ውስጥ የደበቀውን እንዲናገር መገፋፋቱ ነው። ነገር ግን በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መሣሪያው ለጅምላ ማጣሪያ የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም ብሏል። ስለዚህ በፈተናው ወደቀ ተብሎ ብቻ ወደ እስር መመለስ የለበትም፤ ክትትል ለማጠንከር ምልክት ይሁን። የቀድሞ ያልተከሰሰባቸውን ድርጊቶች የሚጠይቀው ፈተና ራስን ያለመወንጀል መብትን ይነካል። የ10ኛው ሰርኩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 በዚሁ ጉዳይ ለባለጉዳዩ ፈርዷል። ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተጻፈ ስምምነት ሳይኖር ለዚህ ገንዘብ አታውጡ። በጀታችሁ ላይ ፖሊግራፍን ለከፍተኛ ሥጋት ብቻ፣ በየ6 ወሩ አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ብትቀንሱት የተረፈው ለአንድ ቡድን አወያይ ይበቃ ይሆናል።

ቤዛ_ለተጎጂ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ፈጻሚው ነው። ተጎጂዋ በበጀቱ ውስጥ የት አለች? ይህን ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም።

የጉዳይ ስብሰባው ላይ የተጎጂ ጠበቃ (የሕግ ጠበቃ ሳትሆን ለተጎጂዋ የምትቆም ደጋፊ) መቀመጥ አለባት። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው፦ ሐኪሙ "ቤተሰቡ ጋር መገናኘት ይፈልጋል፣ እድገት አሳይቷል" ሲል፣ ልጅቷ ምን ትላለች፣ ማን ነው ከእሷ ጋር የሚቆመው የሚለውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በክፍሉ የለም። ብዙ ጥቃት የሚደርሰው በሚያውቁት ሰው፣ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰብን መልሶ ማገናኘት ከሚያስፈልገው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ በአንድ ሰው ቃል አይወሰንም።

ሁለተኛ፣ ጂፒኤስ ቀጠና በተጎጂዋ ቤት ዙሪያ ሲሠራ አድራሻዋ ወደ ሻጩ ኩባንያ ይሄዳል። ካርታው ለሰውየው ከታየው የምትኖርበትን ሰፈር ተነገረው ማለት ነው። ቀጠናውን ሰፋ አድርጉ፣ መካከሉ ቤቷ ላይ አይሁን፣ ፈቃዷን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሐሳቧን ከቀየረች የሚጠፋበትን መንገድ አዘጋጁ።

ዮናስ እንዳለው የተጎጂዎች ፈንድ ለፈጻሚው አይውልም። በተቃራኒው ግን የክትትል ግራንት በስብሰባው ላይ ለሚቀመጥ የተጎጂ ጠበቃ ሰዓት መክፈል የሚችልበት ጊዜ አለ። በሳምንት 8 ሰዓት እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ምሕረት_ጂ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ በተለይ እህት ቤዛ የቀጠናውን ነገር ስለነገርሽን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሰዎቻችን ቤት አያገኙም፤ ለቤት ኪራይ ገንዘብ መመደብ ይቻላል? ሁለተኛ፣ በጎ ፈቃደኞች ሰውየውን የሚደግፉበት የክበብ ፕሮግራም ሰምቻለሁ፤ ገንዘብ የሚያወጣ ነው ወይ?

ሙሉጌታ_መዝገብ

ስለ ቤቱ፦ ዕድሜ ልክ የሚመዘገብ ሰው ወደ ፌዴራል የሕዝብ መኖሪያ ቤትም ሆነ ሴክሽን 8 ወደሚባለው የቤት ኪራይ ድጋፍ እንዳይገባ ሕግ ይከለክለዋል። ስለዚህ "ወደ ሕዝብ መኖሪያ ቤት እንመራቸዋለን" የሚል ማመልከቻ ከመጀመሪያው ይወድቃል። የመኖሪያ ክልከላ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ካርታ ሥሩ። ከየትምህርት ቤቱና ከየሕፃናት መዋያው የተከለከለውን ርቀት ስትከቡ፣ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ሰፈርና ባዶ መሬት ነው። አዮዋ 2,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 610 ሜትር፣ ከልክላ ነበር። በ2006 የስቴቱ የካውንቲ ዐቃብያነ ሕግ ማኅበር ራሱ ሕጉ እንዲለወጥ ጠየቀ፤ በ2009 ተጠበበ። ሰዎች አድራሻቸውን መደበቅና መጥፋት ሲጀምሩ መዝገቡ ዋጋ ያጣል።

በበጀት ላይ በጣም የሚሠራው የአጭር ጊዜ ኪራይ ነው፤ ከእስር ከመውጣቱ በፊት የተረጋገጠ አልጋ፣ ከ60 እስከ 90 ቀን። ማስታወቂያው የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቤቱን ባለቤት ደግሞ የምትፈልጉት ገንዘቡ ሳይመጣ ነው።

ሰብለ_ሕክምና

ክበቡን በተመለከተ፦ በ1994 በካናዳ፣ በሃሚልተን ከተማ ከሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ነው የጀመረው። ከ4 እስከ 6 የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች አንድን ሰው በየሳምንቱ ያገኙታል፤ ሥራና ቤት ሲፈልግ ያግዙታል፣ ሲያጠፋ ይጠይቁታል። ሚኒሶታ በ2008 ጀምራ ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍላ ፈተነችው፤ ክበብ የነበራቸውና ያልነበራቸው 50፣ 50 ሰዎች። በ2018 የወጣው ውጤት በወሲብ ወንጀል ዳግም መያዝ 88 በመቶ እንደቀነሰ፣ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር 3.73 ዶላር ጥቅም እንደተገኘ አሳይቷል። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ ያዙት፤ ግን በዘርፉ በዕጣ የተፈተነ ፕሮግራም ጥቂት ነው።

ወጪው አንድ ቋሚ አስተባባሪ፣ የበጎ ፈቃደኞች የጀርባ ምርመራና ሥልጠና፣ መድን ነው። የሚበላሸው ምርጫው ላይ ነው። አስተባባሪው "ጥሩ ባሕርይ" ያለውን፣ ቤተሰብ ያለውን ሰው ይመርጣል፤ እሱ ቀድሞም ዝቅተኛ ሥጋት ነው። ክበቡ የሚጠቅመው ሥጋቱ ከፍ ላለና ማንም ለሌለው ሰው ነው። ሁለተኛው ችግር በጎ ፈቃደኞቹ የሰሙትን ለኦፊሰሩ መቼ እንደሚናገሩ አለመጻፉ ነው። ልጅ ላይ አደጋ ያለበት ነገር ሁሉ ወዲያው ይነገራል፤ ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ሰውየውም ፈርሞ ይያዘው።

ዮናስ_ግራንት

አሁን ወረቀቱን እንጨርስ፤ ጥሩ ዕቅድ በወረቀት ይወድቃል።

ሳም ዶት ጎቭ (የፌዴራል ገንዘብ ተቀባዮች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ) ላይ ምዝገባችሁ በየዓመቱ ይታደሳል። ዛሬውኑ አረጋግጡ፤ ጊዜው ካለፈ ለማደስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ማመልከቻው ሁለት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ግራንትስ ዶት ጎቭ ላይ ኤስኤፍ-424 ቅጽ፣ ከዚያ ጀስትግራንትስ ላይ ሙሉው። ሁለቱ የተለያየ የመዝጊያ ቀን አላቸው፤ የመጀመሪያው ቀን ካለፈባችሁ ሁለተኛው አይከፈትም።

መተካት የሚባለው ክልከላ አለ። ካውንቲው አሁን የሚከፍለውን ኦፊሰር ወደ ግራንቱ አዛውሮ የተረፈውን ለሌላ ማዋል አይፈቀድም። ነባሩን ሰው ወደ አዲሱ ቦታ ብታዛውሩ የእሱን ቦታ በሌላ ሰው መሙላት አለባችሁ፤ የተሞላበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

የተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ ቢሮና ሒሳብ ሥራ ያለ የጋራ ወጪ)፦ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደራደራችሁበት መጠን ከሌላችሁ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 15 በመቶ መውሰድ ይቻላል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ግን ከሁሉም ላይ አይሰላም። ቀጥተኛ ወጪው 400,000 ዶላር ነው እንበል፤ ውስጡ 30,000 የአሻራ ማንሻ፣ 150,000 ደግሞ ለሕክምና ድርጅት በንዑስ ግራንት የተሰጠ አለ። መሣሪያው በሙሉ ይወጣል፤ ከንዑስ ግራንቱ ከ50,000 በላይ ያለው 100,000 ይወጣል። 270,000 ይቀራል፤ 15 በመቶው 40,500 ነው። ብዙ ማመልከቻ 60,000 ጽፎ ይመለሳል።

ለግል አማካሪ የሚከፈለው ጣሪያ በቀን 650 ዶላር፣ በሰዓት 81.25 ነው፤ ከዚያ በላይ ቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ፖሊግራፍ መርማሪውን የምትቀጥሩት በዚህ መንገድ ከሆነ ተጠንቀቁ። የገንዘብ ሪፖርቱ፣ ኤስኤፍ-425፣ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ካለፈ ገንዘብ ማውጣቱ ይታገዳል። የመዝጊያ ሪፖርቱ ግራንቱ ካለቀ በ120 ቀን ውስጥ ይገባል።

ግራንቱ ሲያልቅ ማን ይከፍላል የሚለውን በሁለተኛው ዓመት ሳይሆን አሁን መልሱ። ኮሎራዶ ከ1992 ጀምሮ ከተፈረደባቸው ሰዎች ላይ የሚሰበሰብ ተጨማሪ ክፍያ አላት፤ ገንዘቡ ለግምገማና ለአስተዳደር ሥራ ይውላል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ደሃ ላይ የተጣለ ክፍያ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም። ኦፊሰሮቹን ወደ ካውንቲው መደበኛ በጀት በየዓመቱ ሲሶ ሲሶ ማዛወር የተሻለ ነው።

ኤልያስ_ሕግ

ስለ መለኪያስ? ኮሚሽነሮቹ በመጨረሻ "ስንት ሰው ዳግም ተያዘ?" ብለው ነው የሚጠይቁት።

ታደሰ_ኬ

በወሲብ ወንጀል ዳግም መያዝ በ2 ዓመት ውስጥ በ150 ሰው ላይ የሚታይ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሆን ብቻውን ምንም አይነግርም፤ አንድ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ መቶኛው ይዘላል። ከእሱ ጋር በየ6 ወሩ እነዚህን ቁጠሩ፦ ስቴብል የተሞላላቸው በመቶኛ፣ ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ የወረዱ፣ የታቀደው የቤት ጉብኝት ስንቱ ተደረገ፣ የሕክምና ሰዓት በሰው፣ ቋሚ አድራሻ ያላቸው፣ ማንቂያ ከመጣ እስከ ምላሽ የፈጀው ደቂቃ። የመነሻውን ቁጥር ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ያሉትን 6 ወራት ከፋይል አውጡ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ያለ አዲስ ጥፋት በማኅበረሰብ ውስጥ 5 ዓመት የቆየ ሰው ሥጋቱ በግምት በግማሽ እንደሚቀንስ የካናዳዊው ተመራማሪ ካርል ሀንሰን ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ደረጃው በየዓመቱ ታይቶ የሚወርድበት ደንብ ይኑራችሁ። የወረደው ሰው የለቀቀው 4 ሰዓት በዚያው ሳምንት ለገባው አዲስ ሰው ይሰጣል።

ምሕረት_ጂ

እሺ ጋሼ። ጂፒኤሱን ከ75 ወደ 15 ሰው አውርደነዋል፤ በግማሽ የሥራ ሰዓት የሚሠራ የማንቂያ ተረኛ ተጨምሯል። 3 የሕክምና ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ የክበብ አስተባባሪ፣ ለተጎጂ ጠበቃ በሳምንት 8 ሰዓት። የሳም ዶት ጎቭ ምዝገባው ሊያልፍበት 5 ሳምንት ነው የቀረው፤ እድሳቱን ዛሬ ጀምረናል። ሕክምናው ንዑስ ግራንት ይሁን ወይስ የአገልግሎት ውል?

ዮናስ_ግራንት

ድርጅቱ ባለጉዳዩን ማን እንደሆነ የሚመርጥና የፕሮግራሙን ይዘት የሚወስን ከሆነ ንዑስ ግራንት ነው፤ እናንተ ልካችሁለት በወሰናችሁት ሥርዓት አገልግሎት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ውል ነው፤ ያኔ ጨረታ ያስፈልጋል። የሰብለን የክፍያ አሠራር በስብሰባ ልክ ካደረጋችሁትና ሰዎቹን በስቴብል ነጥብ እናንተ የምትልኩ ከሆነ ወደ ውሉ ያደላል። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።